ያልነበረው የእሳተ ገሞራ ጉዞ

ሃጊት ያንን ውሸት የዋሸችው በአንድ ትንፋሽ ነው። አፏ ቀደማት፣ ልቧ ተከተለው፣ ጭንቅላቷ ግን ገና ያፎ ጎዳና ላይ ባቡር እየጠበቀ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃጊት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቤቷ ቂርያት ሃዮቨል የሚባል ሰፈር ነው፣ በውትድርና ፈንታ ብሔራዊ አገልግሎቷንም የምትሰጠው እዚያው ሰፈር ያለ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ልጁ ብዙ፣ የሚዝረከረከው ንፍጥ ከልጁም የበዛ። አንዱ ድንቡሽቡሽ ስልኳን አንስቶ እንደ ኳስ ወደ ሰማይ ላከላትና መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሎ ወረደ። ጓደኛዋ ረዑት "ዳቪድካ አደባባይ ጋ የሚሠራ አንድ ያገራችን ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው" አለቻት። እጁ ወርቅ ነው አለች እንጂ ስለ ዓይኑ ትንፍሽ አላለችም! ጓደኛ ተብላ! እንደዚያ ያለ ዓይን ፊት ሰውን ሳያስጠነቅቁ ይልካሉ?

የአብሥራ ይባላል። ኪስ በምታክል ሱቅ ውስጥ አጎንብሶ በወረንጦ ብሎን ይለቅማል። ቀና ብሎ "ደህና ነሽ?" ሲላት ሃጊት የተሰበረውን ስልክ ዘረጋችለት። አማርኛውም ዕብራይስጡም ተያይዘው ጠፉ። ከዚያ አንገቱ ላይ ያሰረውን ጥቁር ማተብ አየች። ክርስቲያን ነው፤ እሷ ደግሞ አይሁድ። ከኢትዮጵያ ጎዳና ልጆች፣ ከክቡ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አጠገብ ከሚኖሩት። ውስጧ "ተመለሽ" አላት። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ግድግዳው ላይ ቀይ እሳት የሚንተከተክበት የተራራ ፎቶ ተለጥፏል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ኤርታሌ ነው። አፋር። እሳተ ገሞራ።"

"ሄደህበታል?"

"የት አባቴ ሄጄ! በስምንት ዓመቴ ነው ወደዚህ የመጣሁት።" ሳቅ አለና ጉንጩ ጎደጎደ። (ጉንጩም ይጎደጉዳል! ይሄስ ግፍ ነው።) "ብቻ አንድ ቀን የእሳተ ገሞራ አፍ ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባይ፣ ሌላ ነገር አልመኝም ነበር።"

ይሄኔ ነው አፏ የቀደማት።

"እኛ እኮ ልንሄድ ነው!"

"ማን እናንተ?"

"እኔና ጓደኞቼ! የእሳተ ገሞራ አፍ ልናይ! የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ነው፣ በጣም ርካሽ። ጓደኞችህንም ይዘህ ና፣ ቦታ ሞልቷል!"

"እዚህ አገር? የት?"

"እ... እሱ ሰርፕራይዝ ነው።"

የአብሥራ ወረንጦውን አስቀመጠ። ረጅም ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ፊቷን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ "እመጣለሁ" አለ።

ሃጊት ከሱቁ ስትወጣ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ጉዞ የለም። ጓደኞቿ አልሰሙም። እሳተ ገሞራ በዚህ አገር ይኑር አይኑር አታውቅም። እሷ ግን ደስ ብሏት ልትሞት ነው።

*

"ኧረ ሃጊት፣ አብደሻል!" ረዑት አልጋው ላይ በሳቅ ተንከባለለች። "እሳተ ገሞራ ከየት ልትወልጂለት ነው?"

"ራሞን አለ አይደል? እዚያ በረሃው ውስጥ ያለው ትልቁ ጉድጓድ። ጉድጓድ ጉድጓድ ነው።"

ረዑት ስልኳን ጎረጎረች። "አይሆንም። እሱን የቆፈረው ውሃ ነው ይላል፣ እሳት አይደለም።"

"ማን ያውቅብናል?"

"እሱ! ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል እያልሽኝ!"

ስለዚህ አገሩ ሰሜን ጫፍ ያለው ጎላን ሆነ። አቪታል የሚባል ተራራ፤ ድሮ ድሮ እሳት ተፍቶ ተፍቶ የደከመው፣ አሁን አፉ ውስጥ ሰዎች ፍራፍሬ የሚያለሙበት። በእግር ለመዞር ትኬት አያስፈልግም። መከራው መድረሱ ላይ ነው። አስጎብኚዎቹ በሚጠይቁት ዋጋ እሳተ ገሞራውን ራሱን ገዝቶ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። በአውቶቡስ ደግሞ እየቀያየርሽ እየቀያየርሽ ስትደርሺ የመመለሻው ሄዷል። ቀኑም ቢሆን ፍዳ ነው፤ ቅዳሜ የነሃጊት ሰንበት፣ እሁድ የነየአብሥራ፣ ዓርብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ ይዘጋጋል። ረዑት የቀን መቁጠሪያውን ከላይ እስከ ታች ለቅማ ለቅማ፣ ለፑሪም በዓል ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ቀን በጣቷ ደበደበችው።

"ይሄ! የአስቴር ጾም ባለቀ ማግስት። የቀረን መኪና ብቻ ነው። ሃጊትዬ... የአባትሽ ሚኒባስ..."

"እንዳትጨርሺው!"

"ተማሪ ስለማይጭን ቆሞ ነው የሚውለው! ናፍጣውን ለአሥራ ምናምን ሰው እናዋጣለን፣ በቃ። ከዚህ የረከሰ ከየት ይመጣል?"

የሃጊት አባት ጋሽ ደረሰ የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር ናቸው። ሚኒባሳቸውን እንደ በቅሎ ነው የሚወዷት፤ ጠዋት ጠዋት ጎኗን መታ መታ ያደርጓታል። ሃጊት እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ስትለምናቸው ሳቅ እያነቃቸው ሰሟት።

"እኛ ከተራራ ወርደን በእግራችን ሱዳን ገብተን መከራ ያየነ ሰዎች! እናንተ ደግሞ ተራራ ለመውጣት መኪና ትለምናላችሁ? እሳት አለው?"

"ጠፍቷል አባዬ።"

"የጠፋ እሳት ለማየት እስከ ጎላን! ጉድ እኮ ነው!"

ግን እምቢ አላሉም። ለሃጊት እምቢ ብለው አያውቁም። እናቷ እናናም ከኩሽና ብቅ ብላ "ምሳውን ለኔ ተዉት" አለች። ግማሹ ተሳፋሪ ከየት እንደሚመጣ ግን ሃጊት አልተነፈሰችም። "ጓደኞቼ" ብቻ ነው ያለችው። አባቷ ያደጉት ጎንደር ገጠር ነው፤ የነሱን ሰዎች ክርስቲያኑ "አትንኩኝ" እያለ ሲጠራቸው። ከነሱም ክርስቲያን የነካው ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበር። እና አሁን እሳቸው ሚኒባሳቸውን በየአብሥራ ጓደኞች፣ በቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ቡድን ሊሞሉ ነው፣ ሳያውቁት!

የመጀመሪያው ውሸት ሳይደርቅ ሁለተኛው ተለሰነበት። ሃጊት ትራሷን አቅፋ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ እያሰላች ተኛች።

*

የጉዞው ዋዜማ የአስቴር ጾም ነበር። ሃጊት ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ጭራሽ ሕፃናቱ ለፑሪም በተለያየ ነገር ተለባብሰው መጥተው ሲያዋክቧት ዋሉ። ከሥራ እንደወጣች በባቡሩ ከንፋ ኢትዮጵያ ጎዳና ጥግ ደረሰች። የመጨረሻው ምክክር ነው፤ ማን ውሃ ይይዛል፣ ማን ኮፍያ ይረሳል፣ መንገዱ በየት በኩል ነው።

የአብሥራ የድንጋይ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ሲያያት ዓይኑ ሳቀ። ከንፈሩ ሳይሆን ዓይኑ! ሃጊት ልቧ ቀለጠ። ይወደኛል፣ አለች በሆዷ። በቃ፣ እንዲህ አድርጎ የሚያይ ሰው ይወዳል።

"ጢምሽ ያምራል" አላት።

እጇን ወደ ፊቷ ሰደደች። ወይኔ! የድመት ጢም! ጠዋት አንዷ ሕፃን በጥቁር ቀለም የሣለችባት! በባቡር ሙሉ ሰው መሃል፣ በያፎ ጎዳና፣ በዚህ ጢም!

"አታጥፊው" አለ የአብሥራ። "ለተራራው ይሆናል።"

አግዳሚው ወንበር ላይ ካርታውን በመሃላቸው ዘረጉ። ያተመው እሱ ነው፤ የእሳተ ገሞራውን አፍ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዙሪያውን አክብቦታል። ሃጊት እሱን እያየች ካርታውን የምታይ መሰለች። ሊቀ ጠበብት ይመስላል፤ "እዚህ ጋ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጫማ ይፈልጋል፣ እዚህ ንፋስ ይኖራል" ይላል። ድምፁ ግን ዛሬ ደከም ብሏል።

ርቦት ይሆናል፣ አለች ሃጊት። እሷ ብትጾም እሱ ምን አጠፋ? ደግሞ አስባበት ነው የመጣችው፤ ከቦርሳዋ ገና ትኩሳቱ ያልወጣለት፣ በሊጥ የተጠቀለለ የአይብ ቡሬካስ አወጣች። ሽታው ራሷን አዞራት።

"እንካ ብላ።"

የአብሥራ ቡሬካሱን አየው። ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

"ጠግቤያለሁ" አለ።

ጠግቤያለሁ! ከንፈሩ ደርቆ! ሃጊት እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። አያቷ በልጅነቷ የነገረቻት ነገር ሳትጠራው መጣ። ጎንደር ላይ ክርስቲያኑ ማረሻውን ከነሱ ይገዛል፣ ገንቦውን ከነሱ ይገዛል፣ ከእጃቸው ግን አይበላም። ቡዳ ናቸው ይላል። ያ የተረት ዘመን፣ ያ አያቷ እየሳቀች የምታወራው ዘመን፣ አሁን አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ "ጠግቤያለሁ" አለ?

የአብሥራ ደግሞ ከጎኑ ወረቀት ከረጢት አነሳ። "እኔም ላንቺ አምጥቻለሁ" አለ፣ ትንሽ እያፈረ። በረዶ የገባበት የወተት ቡና! ሲያቀብላት ጣቱ ጣቷን ነካ።

በጣቷ በኩል ገብቶ እስከ ተረከዟ የወረደውን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መብረቅ ነው። ሃጊት እጇን ዘግናኝ ነገር እንደነካ ሰው መነጨቀች። ኩባያው ተገለበጠ። ቡናው ካርታው ላይ ፈሰሰና ሰማያዊው ክብ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ይቅርታ! እኔ... ጠግቤያለሁ" አለች።

ጾም ነኝ ብትለው ምን ነበረበት? "የምን ጾም?" ይላታል። የአስቴር ትለዋለች። ያኔ እሷ አይሁድ እሱ ክርስቲያን መሆናቸው በመሃላቸው እንደ ግንብ ይቆማል። ዛሬ፣ በዚህች አግዳሚ ላይ፣ ግንብ አልፈለገችም።

የአብሥራ የራሱን ጣት አየ። ካርታውን አራገፈ። "ገባኝ" አለ፣ በቀስታ። ምን እንደገባው አልተናገረም። ሱቅ ጥዬ ነው የመጣሁት ብሎ ተነሳ።

ሃጊት ባቡር ላይ ሳለች መልእክቱ ደረሳት። "ሃጊት ነገ እኔን አትጠብቁ፣ ሥራ በዛብኝ። ጓደኞቼ ይመጣሉ። መልካም ጉዞ።"

መልካም ጉዞ! አየር ማረፊያ ላይ ለማይታወቅ ሰው የሚባለውን! እንባዋ የድመት ጢሟን ይዞ ወረደ፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሴትዮ መሐረብ አቀበሏት። የሰው ደግነት ደግሞ እንዲህ ባለ ሰዓት ይብስ ያስለቅሳል።

*

ሲመሽ ጾሙ ተፈታ። እናና ምስር ወጡን አቀረበች። ሃጊት መረቁን እንኳ አልነካችም። ጋሽ ደረሰ የጎማ ንፋስ ሲለኩ ቆይተው እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ልጃቸውን አዩዋትና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ምን ሆነሽ ነው? አንች ልጅ፣ ማን ነካብኝ?"

"ማንም አልነካኝም። አባዬ... ክርስቲያኖች ዛሬም ከኛ እጅ አይበሉም?"

ጋሽ ደረሰ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ።

"ማን እምቢ አለሽ?"

እንግዲህ ወጣ። ሁሉም ወጣ። ስልኩ፣ ፎቶው፣ ያልነበረው ጉዞ፣ የመዝሙር ልጆቹ፣ የአይብ ቡሬካሱ። ሃጊት እያለቀሰች አንዱን በዕብራይስጥ አንዱን በአማርኛ ስታፈሰው አባቷ ፊታቸው እየጠቆረ እየጠቆረ ሄደ። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጆሯቸው ውስጥ ጥልቅ ያለ ይመስል አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

"ቆይ ቆይ። ምንድነው ያልሽው? አይብ?"

"የአይብ ቡሬካስ። ትኩስ። በራሴ ገንዘብ!"

"በሁዳዴ?"

"ምን ሁዳዴ?"

ጋሽ ደረሰ እናናን አዩዋት። እናና ጋሽ ደረሰን አየቻቸው። ከዚያ ሽማግሌው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ ይስቁ ጀመር!

"አንች ልጅ! ዐቢይ ጾም እኮ ነው! ክርስቲያን አሁን ወተት አይደለም የወተቱን ላም አያይም! ደግሞስ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃስ መቼ ይቀምሳል? እኛ ሰፈር እኮ አዝመራ የምንሰበስበው ከነሱ ጋር ነበር፤ በጾማቸው ቀን ሲዝሉ እናውቃቸዋለን። ምስኪን ልጅ! አፍንጫው ሥር አይብ ይዘሽለት ሄድሽ?"

"ለምን ታዲያ ጾም ነኝ አይለኝም?"

"አንችስ ጾም ነኝ ብለሽዋል?"

ሃጊት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"እሱም ሰጥቶኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ወተት ያለው ቡና። ጠግቤያለሁ አልኩት። ሲነካኝም... ወይኔ አባዬ! እጄን መነጨቅኩበት! አትንኩኝ ያልኩት መስሎታል!"

አባቷ ሳቃቸው ቆመ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ የሳቅ እንባ ይሁን ሌላ፣ ሃጊት አላወቀችም።

"ስንት ክርስቲያን ነው ነገ የምታስጭኝኝ?"

"እሱ ከመጣ... ግማሹን ወንበር።"

"ግማሽ ቤተ ክርስቲያን በይው!" የሚኒባሷን ቁልፍ በጣታቸው ያሽከረክራሉ። ሃጊት ዓይኗን ቁልፉ ላይ ተከለች።

"በይ ተነሽ" አሉ በመጨረሻ። "ጾመኛ ሰው ተቀይሞ አያድርም። ሂጅና ንገሪው። ሌላውን ነገ በዓይኔ አየዋለሁ።" ከዚያም ወደ እናና ዞር ብለው፣ ሃጊት እየሰማች፣ "ለቡሬካስ ብሎ እንዲህ ያለቀሰ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ።

ሃጊት ደረጃውን ስትወርድ አልሮጠችም፣ በረረች። ፍርሃቱ የት እንደሄደ እንጃ።

*

ክቡ ቤተ ክርስቲያን ጋ የሠርክ ጸሎት አልቆ ምእመናኑ ይወጣሉ። ነጠላ የለበሱ እናቶች በጠባቧ ጎዳና እንደ ነጭ ወንዝ ይፈስሳሉ። ሃጊት በጂንስና በስኒከር በሩ ጋ ቆማ ራሷን የምትደብቅበት አጣች። አንዲት ቀጭን ሴት አጠገቧ ቆሙ።

"እንደምን አመሸሽ ልጄ? የማን ነሽ?"

"የ... እኔ የስልኳ ነኝ። የአብሥራ የሠራልኝ።"

የሴትዮዋ ፊት በራ። "ኧረ በስመ አብ! የእሳተ ገሞራዋ ነሽ? እናቱ ነኝ፣ ዓለምፀሐይ። አንቺን እኮ ሳላይሽ ነው የማውቅሽ! የአብሥራ! ና ወዲህ፣ እንግዳ አለህ!" ብለው ተጣሩና ጥለዋት ሄዱ። እንደ ብልህ እናት፣ ወደ ኋላ ሳያዩ።

ሳላይሽ ነው የማውቅሽ! ታዲያ ቤቱ ስለሷ ያወራል! ሃጊት ይህችን አረፍተ ነገር ጉንጯ ውስጥ እንደ ከረሜላ ያዘቻት።

የአብሥራ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ መጣ። ሲያያት እርምጃው ቀዘቀዘ። ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆመ። ሆን ብሎ ነው የራቀው፤ ያቺ ርቀት ከሁሉ ነገር በላይ ወጋቻት።

"ቡሬካሴን ለምን አልበላህም?" አለች።

"ሃጊት..."

"መልስልኝ!"

"አይብ ነው። ጾም ላይ ነን።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጾመኛ ነኝ ብሎ ማወጅ ደስ አይለኝም። ደግሞ..." የነጠላውን ጥለት ይቆጥር ጀመር። "ደግሞ ክርስቲያን መሆኔን ዛሬ እንድታስቢው አልፈለግኩም። ዛሬ ብቻ።"

ሃጊት ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት። "እኔም እኮ ጾም ነበርኩ! የአስቴር! እኔም እኮ እንድታስበው አልፈለግኩም!"

"አንቺም?"

"አዎ! አንተ ደግሞ ጠግቤያለሁ ስትለኝ ቡዳ ናት ብለህ መሰለኝ!"

የአብሥራ ደነገጠ። የምር ደነገጠ። የነጠላውን ጥለት ከእጁ ለቀቀ።

"አልዋሽሽም" አለ። "አያቴ ትነግረኝ ነበር። ከነሱ እጅ አትብላ ትለኝ ነበር። ግን ሃጊት፣ አያቴ ያንን ስትል አንቺን አላየችሽም። ብታይሽ ኖሮ አፏን ይዛ ይቅርታ ትጠይቅሽ ነበር።"

ሃጊት ዓይኗን ወደ ስኒከሯ ጣለች።

"አንቺ ግን" አለ እሱ፣ "እጅሽን ስትነጥቂኝ... የኮሸሩን ወረቀት ሳላይ የገዛሁ መስሎሽ ነው? ለአይሁድ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ሦስቴ ጠይቄ ሻጩ ‘የሚጠጣው ረቢ ነው እንዴ?’ እስኪለኝ ድረስ! እና ጣቴ ስለነካሽ..."

"ጣትህ ስለነካኝ ነው እኮ!"

"እሱን ነው የምልሽ! አትንኩኝ..."

"አይደለም! ስለነካኸኝ ደስ ስላለኝ ነው፣ ደነዝ!"

ሃጊት አፏን በሁለት እጇ ከደነች፣ ግን ቃሉ ወጥቶ ሄዷል፤ ምናልባት ዳቪድካ አደባባይ ደርሷል። የአብሥራ ጉንጩ ጎደጎደ።

"እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ" አለ። "ጉዞ እንዳልነበረ አውቅ ነበር።"

"ምን?"

"ሰርፕራይዝ ስትዪ ዓይንሽ ጣራ ላይ ወጣ።"

"እና ለምን እመጣለሁ አልክ?"

"ለኔ ብሎ ተራራ የሚፈጥር ሰው ሁለተኛ ከየት አገኛለሁ?"

ሃጊት ግንቡን ተደገፈች። ያቺ የሁለት ክንድ ርቀት በመሃላቸው እንዳለች ናት፣ ማንም አልተሻገራትም፤ ግን ሞቃለች።

*

ጠዋት ሚኒባሷ ኢትዮጵያ ጎዳና አፍ ላይ ስትቆም የአብሥራ ከጓደኞቹ ፊት ነበር። ጋሽ ደረሰ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ከማተቡ እስከ ጫማው መረመሩት።

"እንደምን አደሩ ጋሼ" አለ፣ ጎንበስ ብሎ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ፣ ይበርዳል።" ያችን ብቻ። እስከ ጎላን ድረስ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከኋላ ረዑትና የመዝሙር ልጆቹ እየተቀላለዱ፣ እየተጋፉ፣ መኪናውን በሳቅ ሲያናጉት እሳቸው መሪያቸውን ጨብጠው መንገዱን ብቻ ነው የሚያዩት። ሃጊት ከኋላ ሆና የአባቷን ማጅራት ታነባለች። ማጅራት ደግሞ ምንም አይናገርም።

አቪታል ግን! ወይ አቪታል! ቀይና ጥቁር ድንጋይ፣ ከእግር ሥር የሚንኮሻኮሽ፤ በሩቅ የሄርሞን በረዶ፤ ሣሩ ውስጥ ቀያይ አበባ። ንፋሱ የረዑትን ኮፍያ ነጥቆ ወደ ሶርያ ላከው። አፉ ጫፍ ላይ ደረሱ። ድሮ እሳት የፈላበት ሰፊ ሳህን ውስጥ አሁን ዛፎች ተሰልፈው ቆመዋል። የአብሥራ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ ቁልቁል ሲያይ ዓይኑ ሞላ። ወደ ሃጊት ዞሮ በጣቱ ቁልቁል አሳያት።

እናና የሰጠቻቸው ምሳ ዳቦና ምስር ነው፣ የሽምብራ ሁሙስና የወይራ ፍሬም አለ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። የርካሽ ምሳ ደግነቱ! ለጾመኛውም ለኮሸሩም ይሆናል። ሰዓቱ ሰባት ነው፣ ሁሉም ርቦታል። ከነሃጊት ጓደኞች አንዱ ዳቦው ላይ እጁን ሲሰድ ጋሽ ደረሰ ጨርቁን መልሰው አለበሱት።

"ቁጭ በሉ" አሉ።

"አባዬ፣ ርቦናል እኮ!"

"ይራባችኋ። ጾመኛ እያለ ማን ነው ቀድሞ የሚበላ? እኛ አገር እንዲህ አናውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ይሁን።"

የአብሥራ ዘሎ ተነሳ። "ጋሼ፣ እባክዎ ስለኛ..."

"ዝም በል። ተቀመጥ። ንፋስ ነው፣ አንገትህን ሸፍን።"

ጠበቁ። አጉረመረሙ፣ ዘፈኑ፣ ዘመሩ፣ በድንጋይ ተወራወሩ፣ ደግሞ አጉረመረሙ። ሰዓቱ ሲደርስ ጋሽ ደረሰ ጨርቁን ገለጡ። ዳቦውን በእጃቸው ቆረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ይዘው ክንዳቸውን ወደ የአብሥራ ዘረጉ።

"እንካ" አሉ። "ከኔ እጅ ነው።"

የአብሥራ ተነስቶ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። ጣታቸው ሲነካካ አባቷ እጃቸውን አልሰበሰቡም። የአብሥራ በልቡ ጸለየና ጎረሰው።

"ይጣፍጣል?"

"በጣም ይጣፍጣል አባባ።"

ጋሼ አላለም። አባባ አለ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሰፊው ሳህን አዞሩና ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ግን የሹፌር ድምፅ ነው።

"አንች ምን ትቀላውጫለሽ? ብይ እንጅ! ለሱም ድገሚለት፣ ቀጥኗል!"

ሃጊት እጇን ወደ ዳቦው ሰደደች። ትልቁን፣ ከሁሉ ትልቁን ቁራሽ ቆረሰችለት።